ምንጩን አረንጓዴ ያደረግሁት እኔ ስላለመሆኔ

ለጥልቅ ጉድጓዶች ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሳን ሆዜ

ቀን፦ ግንቦት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በእናንተ አቆጣጠር ሜይ 12 ቀን 2026

አመልካች፦ ናዖድ ተድላ፣ የኤርፖርት ቫን ሾፌር፣ ኦክላንድ

ጉዳዩ፦ ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ባለው ተራራ ላይ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻን በጥልቅ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር የማስገባቱ ሥራ በአስቸኳይ እንዲቆም፣ ከተራራው ሥር ያለው ምንጭ እንዲታጠር፣ እንዲሁም በየካቲት ወር ምንጩን አረንጓዴ ያደረገው ቀለም የእኔ አለመሆኑ ተጣርቶ ስሜ ከመዝገባችሁ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ይሁኑ ክብርት አላወቅሁም። በራችሁ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ስም የለውም፤ “ዘ ዳይሬክተር” ብቻ ይላል። ስለዚህ እርስዎ እያልሁ እቀጥላለሁ፤ እርስዎ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። በአማርኛ የምጽፍበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግሊዝኛዬ ለሥራዬ ይበቃኛል፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፣ አንቱታ ከሌለ ደግሞ እኔ ወዲያው መቀለድ እጀምራለሁ። ማስታወቂያችሁ “አስተያየት በማንኛውም ቋንቋ እንቀበላለን” ስለሚል፣ ያላችሁትን አምኜ መጣሁ።

ይህን ማመልከቻ ያረሙልኝ ፓሎ አልቶ የሚኖሩት ጡረተኛው መሐንዲስ አቶ ጥሩነህ ናቸው። የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብበው “ይኼ አቤቱታ ነው ወይስ የሠርግ ላይ ጨዋታ?” ብለው ግማሹን ሰረዙት። ከሰረዙት ውስጥ ጥቂቱን መልሼ አስገብቻለሁ። እሳቸው ባይሰሙ ይሻላል።

1. ስለ ራሴ በአጭሩ። አዲስ አበባ ሰባተኛ ክፍልን ጀምሬ ሳልጨርስ ኦክላንድ መጣሁ፤ እዚህ ደግሞ አሥራ አንደኛን ጀምሬ ሳልጨርስ ወጣሁ። ሁለት ግማሽ ተደምሮ አንድ ሙሉ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ያሳደጉኝ የአባቴ እህት ወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው። ብቸኛ ልጃቸው ሩቲ እዚሁ ኦክላንድ የተወለደች ናት፤ ማውንቴን ቪው አንድ የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እህቴ ናት ማለት ይቻላል። ይህ አቤቱታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ እሷ ነው፤ ስለ እኔ የመሰለ ቦታ ካለ የአጻጻፍ ጉድለት ነው።

2. ስለ ምንጩ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ተራራውን ሲጀምር፣ እግረኞች መኪናቸውን የሚያቆሙበት ቦታ አጠገብ፣ ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ውሃ አለ። ድሮ ጠብ ጠብ የሚል፣ ውሻ እንኳ ዞር ብሎ የማያየው ነበር። ባለፈው ሰመር ከበላዩ ያለውን ጉድጓድ ስትቆፍሩ ሰፋ። ለብ ማለትም ጀመረ። አክስቴ በጳጉሜን፣ እንደ አገራችን ልማድ ሰው ሁሉ ጠበል በሚጠመቅበት ወቅት፣ በዚያ ሲያልፉ ውሃውን ነኩትና ሞቆ አገኙት። ጉልበታቸውን ነከሩበት። ለሁለት ዓመት ያላጠፉት ጉልበት ታጠፈ።

አቶ ጥሩነህ “ለብ ያለ የጨው ውሃ የጉልበት ሕመም ያስታግሳል፣ ይኼ ሆስፒታልም አለ” ይላሉ። ይበሉ። አክስቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሴቶች ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው በቫኔ አሥር አሥራ አንድ ሰው ከኦክላንድ አጭቄ፣ በ880 አውራ ጎዳና ቁልቁል ወርጄ አደርሳቸዋለሁ። ካምቤልና ሳን ሆዜ ያሉት በየመኪናቸው ይመጣሉ። ቄሳችን ተጠይቀው አልባረኩትም፣ አልከለከሉትምም፤ “በእምነት ለጠጣው” ብለው አለፉ። እሳቸው ያለፉትን ሌላ ማን ይከለክላል።

3. ስለ ጉድጓዱ። ሥራውን የያዘው ሎንግ ሬስት የተባለው ኩባንያ ነው። ስሙ ረጅም ዕረፍት ማለት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ይህን የምንለው ለቀብር ነው። በሳን ሆዜ ቤተ መጻሕፍት ለነዋሪው ገለጻ ባደረጉ ጊዜ ከአቶ ጥሩነህ ጋር ተገኝቼ ነበር። እሳቸው ለዕውቀት፣ እኔ ለፒዛው።

ገለጻውን ያደረገችው ወጣት በጣም ትሑት ነበረች። ከሆስፒታልና ከላቦራቶሪ የተረፈው ራዲዮአክቲቭ ፈሳሽ ከስሚንቶ ጋር ተበጥብጦ፣ በከባድ ግፊት ከሦስት ሺህ ጫማ በታች ወዳለ የአለት ንጣፍ ይገባል፣ እዚያው ይረጋል፣ ዐሥር ሺህ ዓመት አይንቀሳቀስም አለች። ሥዕሉ ላይ ተራራው እንደ ኬክ ተቆርጦ፣ ቀጭን ቱቦ እንደ መርፌ ገብቶበታል። እጄን አነሣሁና “የቤት አከራዬ ከአንድ ዓመት በላይ አልፈርምም ይለኛል፤ የዐሥር ሺህ ዓመቱን ማነው የፈረመላችሁ?” አልሁ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ጠያቂ ተሻገሩ። ያን ቀን ጥያቄዬን ራሴ እንዳበላሸሁት የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነገር ግን አንድ ቃል ሰጥታን ነበር። ቆሻሻው ከመግባቱ በፊት በዚያው ጉድጓድ ቀለም ያለው ንጹሕ ውሃ ይገባል፤ ቀለሙ በአካባቢው ባለ ምንጭም ሆነ ወንዝ ከታየ ከጉድጓዱ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ አለ ማለት ስለሆነ ሥራው ይቆማል አለች። ይኸው ቃል በእናንተም ማስታወቂያ ላይ ተጽፏል። የቀለሙን ዓይነት ግን አልነገረችንም።

4. ቀለሙ ወደ ጉድጓዱ የገባው በጥምቀት ማግስት ነው። ኪዳነ ምሕረት ሰኞ ስለምትውልና ሰው ሥራ ስለሚገባ፣ በዓሉን ቅዳሜውን ቀድመን ልናከብር ወደ ምንጩ ሄድን። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ሁሉም ባዶ ሆዱን ነው። ቫኑን ሳቆም ፊት የወረዱት ሴቶች ዝም ሲሉ ሰማሁ። እነዚህ ሴቶች ዝም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ውሃው አረንጓዴ ነበር። እንደ ቅጠል አይደለም፤ የመንገድ ሠራተኞች እንደሚለብሱት ሰደርያ ያበራ ነበር። ፀሐይ ስታገኘው ከድንጋዩ በታች ያለው ጭቃ ሳይቀር ያበራል። አክስቴ ተንበርክከው “እመቤቴ፣ ለምለሙን አሳየሽን” አሉ። አንዷ አለቀሰች። ከኋላ ቆመው የነበሩት ተሳፋሪዬ አቶ ካሣ ግን ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

“አንተ ልጅ፣ እዚህም?”

ሁሉም ዞረ። ይህን ለመረዳት ጽሕፈት ቤቱ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ካምቤል በተደረገው የወዳጃችን የሲና ሠርግ ላይ ጠጁን አረንጓዴ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሱን አልክድም፤ ፎቶም አለ፣ የሙሽራው አባት ጥርስ በፎቶው ላይ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ በዚያች ቅዳሜ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፦ ግማሹ ተአምር ነው አለ፤ ግማሹ ናዖድ ነው አለ። ሦስተኛ ነገር ያለ ሰው አልነበረም። እኔ ማልሁ፣ ተገዘትሁ፤ በማልሁ ቁጥር ሳቁ። የሚገርመው ሁለቱም ወገን ጠጣ። ተአምር ነው ያለው በእምነቱ ጠጣ፤ የእኔ ሥራ ነው ያለው ደግሞ “የሱ ቀለም የሚበላ ነው፤ ጠጁን ጠጥተን ምን ሆንን” ብሎ ጠጣ።

ሩቲም ጠጣች። ያን ቀን የመጣችው እናቷን ለማስደሰት ነበር።

5. ሰኞ ጠዋት ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ደወልሁ። ሄለና የምትባል ሠራተኛችሁ አነሣች፤ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ በአማርኛ ልናገር አልሁ፤ ከአስተርጓሚ ጋር በስልክ ተገናኘን። እንግዲህ ለዚህ አካባቢ እንግዳ ከሆኑ ልንገርዎ፦ እዚህ አማርኛ አስተርጓሚ ሲጠራ የማያውቁት ሰው አይመጣም። “ስሜ ናዖድ ተድላ ይባላል፣ የምናገረው ስለ አንድ ምንጭ ነው፣ ውሃው አረንጓዴ...” ብዬ ሳልጨርስ በመስመሩ ላይ ሳቅ ሰማሁ።

“ናዖድ? የሲናው ሠርግ ናዖድ? ውይ አንተ ልጅ፣ አሁን ደግሞ መንግሥት ላይ መጣህ?”

መቅደስ ነበረች። በሠርጉ ላይ ከሙሽራዋ ወገን ሦስተኛው ጠረጴዛ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ለሄለና በእንግሊዝኛ ነገረቻት፤ በጆሮዬ የሰማሁትን ቃል በቃል አቀርባለሁ፦ “ሂ ኢዝ ኤ ጆከር። ስዊት ኪድ፣ በት ኤ ጆከር። ሂ ዲድ ዘ ሴም ቲንግ አት ኤ ዌዲንግ።” ልጁ ጥሩ ነው፣ ግን ቀልደኛ ነው፣ በሠርግም ይህንኑ አድርጓል ማለቷ ነው። ሄለናም ሳቀች። እኔም፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ሳቅሁ። ሦስታችን በስልክ ላይ ስንስቅ የቆየነው ጊዜ ካስረዳሁበት ጊዜ ይበልጣል።

በመቅደስ አልቀየምም፤ ሰውን ለመጉዳት ያደረገችው አይደለም። ማታውኑ ለአክስቴ ደውላ “ልጁን ምከሩት፣ እነዚህ ሰዎች ቀልድ አያውቁም” ብላለች። ነገር ግን የአስተርጓሚ ሥራ የተባለውን መተርጎም እንጂ መመስከር አይደለም። ደግሞም ማንም ከመሥሪያ ቤታችሁ ወደ ምንጩ ሄዶ ውሃውን በጠርሙስ አልቀዳም። በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤያችሁ መጣልኝ፤ በምንጩ ላይ የታየው ቀለም “በግለሰብ የተፈጸመ ቀልድ መሆኑ ስለታመነበት” በፈተናው ውጤት ውስጥ አልተካተተም ይላል። ፈቃዱ በሕማማት ሳምንት ተሰጠ። የእኔ ስም የዚያ ጉድጓድ ማረጋገጫ ሆኖ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ለጉድጓድ ዋስ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

6. “ታዲያ አንተ ምን አደረግህ?” ይሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

አንድ ቅዳሜ የቫኑን ፊውዝ ነቅዬ አልነሣም አለኝ አልሁ። “ቀልዱ አልቆበት መኪናው ላይ መጣ” ተብሎ፣ ሌላ ሾፌር ተጠርቶ በሰዓቱ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ እኔው እነዳለሁ፤ ቢያንስ ዓይኔ እዚያ ይሁን ብዬ ነው። “አትጠጡ፣ አደገኛ ነው” ብዬ በትልቁ ጽፌ ድንጋዩ ላይ ለጠፍሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሥሩ “ናዖድ ቀድሞ ይቅመስልን” ተብሎ ተጨምሮበት አገኘሁት።

አቶ ጥሩነህ በሽማግሌነታቸው እንዲነግሩልኝ ለመንኋቸው። መጡ፣ ኮት ለብሰው፣ ስለ አለት ንጣፍና ስለ አሮጌ ጉድጓዶች አስረዱ፤ በዚያ ተራራ ከመቶ ዓመት በፊት ነዳጅ ፈልገው ቆፍረው የተዉት፣ አፉን በእንጨት የደፈኑት ጉድጓድ ሊኖር ይችላል አሉ። አክስቴ በአክብሮት ሰሟቸው። ሲጨርሱ “ጋሽ ጥሩነህ፣ ከተማሪነትዎ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጠው አያውቁም፤ ስለ ጠበል ከእርስዎ ባንማር አይከፋዎትም መቼም” አሏቸው። ሳቅ ሆነ። ሲመለሱ ከጎኔ ተቀምጠው፣ “ምስክሮችህ አንድ ቀልደኛና አንድ የማያምን ሽማግሌ ነን” አሉኝ ብቻ።

ከዚያ በራሳቸው ወጪ ውሃውን ላቦራቶሪ አስመረመሩት። የተቀዳው ከፋሲካ በፊት ነው። ውጤቱ ጨው አለው፣ የቀለም ቅሪት አለው፣ ራዲዮአክቲቭ ነገር የለውም የሚል ነበር። ልክ ነው፤ ገና አልገባማ። አክስቴ ግን የመጨረሻውን መስመር ብቻ ሩቲን አስነብበው ወረቀቱን ከሥዕለ ማርያም ሥር ሰቀሉት። አሁን ስለ ምንጩ ክፉ የተናገረ ሁሉ ወደዚያ ግድግዳ ይላካል።

7. አሁን የሚያስፈራኝን ልናገር።

የመጀመሪያው የቆሻሻ ጭነት ወደ ጉድጓዱ የገባው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ይህን እኔ አልፈጠርሁትም፤ ኩባንያው ራሱ በአጥሩ ላይ ለጥፎታል። ቀለሙ ከጥምቀት ማግስት ተነሥቶ ምንጩ ዘንድ የደረሰው ለኪዳነ ምሕረት ነው። አቶ ጥሩነህ “መንገዱ የት እንደሆነ አላውቅም። ቀለሙ ግን መንገዱን ያውቀዋል፤ ከኋላው የሚመጣውም በዚያው ነው የሚመጣው” ይላሉ። ያንኑ ጊዜ ከዳግም ትንሣኤ ሲቆጥሩት ከዕርገት በኋላ ባለችው ቅዳሜ ላይ ያርፋል። ስሚንቶው ካረጋው እሰየው፤ ግፊቱ ከቀደመው ግን በዚያች ቅዳሜ ይደርሳል። ከዚህች ደብዳቤ እስከዚያ የቀረችን ቅዳሜ አንዲት ናት።

በዚያን ጊዜ የሚመጣው ቀለም የለውም። ሽታም የለውም። ቀለም ያለው መጥቶ ነበር፤ ስቀንበት አሳለፍነው።

ሌላም ጽሕፈት ቤቱ የማያውቀው ነገር አለ። በእኛ ዘንድ ጠበል እንደ ቡና ፉት አይባልም። በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ በብዛት ይጠጣል፣ እስኪያስመልስ ይጠጣል። ሲያስመልስ “ወጣለት” ይባላል፤ ዘመድ እልል ይላል። ቆዳ ሲያሳክክ “እየሠራ ነው” ይባላል። ድካም ሲጥል “ትግል ላይ ነው” ይባላል። ፀጉር ቢረግፍ ምን እንደሚባል ገና አልሰማሁም፤ ነገር ግን የሚባል ነገር እንደሚገኝለት አውቃለሁ፣ ሕዝቤን አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው መርዝ ሲጠጣ ይታመምና ያቆማል። እኛ ስንታመም እንጨምራለን። ምን ምልክት ቢመጣ ማዕረግ አዘጋጅተንለት እየጠበቅነው ነው።

8. ስለ ሩቲ።

ሩቲና ባለቤቷ ለዓመታት ልጅ ፈልገው አጥተዋል። ፓሎ አልቶ ሐኪም ቤት ያልሞከሩት የለም። አክስቴ ስለዚህ ነገር በግልጽ አያወሩም ነበር፤ ሌሊት ግድግዳውን አልፎ የሚሰማ ጸሎት ነበራቸው። በዚያች በአረንጓዴዋ ቅዳሜ ሩቲ ሦስት ብርጭቆ ጠጣች። ለፋሲካ፣ ዶሮው ሲቀርብ አልበላም ብላ ወጣች፤ አክስቴ ተከትለዋት ወጡ፤ ሲመለሱ ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል። አራተኛ ወሯን እየያዘች ነው። አክስቴ በሆዷ ያለውን ከአሁኑ ኪዳኔ ይሉታል። ተስለዋል፤ እስክትወልድ ድረስ ሩቲ በየቅዳሜው ከዚያ ምንጭ ትጠጣለች።

በ880 ስንመለስ ለብቻዋ ይዤ ሁሉንም ነገርኋት። ሩቲ ሞኝ አይደለችም፤ ከእኔ ሁለት ግማሽ እሷ አንድ ሙሉ ትበልጣለች። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ “ናዲ፣ አይ ኖው ሃው ኢት ሳውንድስ” አለችኝ። “በት ዋት ኢፍ አይ ስቶፕ፣ ኤንድ ሰምቲንግ ሃፐንስ? ማሚ ዊል ኔቨር... አይ ዊል ኔቨር...” አልጨረሰችውም። መጠጣቱን ባቆምና አንድ ነገር ቢደርስ እናቴም እኔም ይቅር አንለውም ማለቷ ነው። ከዚያ እሷ የማታወራውን አማርኛ አወራች፤ “አንተ ቀልድህን ነው፣ አይደል? በለኝ፣ ቀልዴን ነው በለኝ” አለችኝ።

በሕይወቴ የተጠየቅሁት ቀላሉ ልመና ነበር። አላልኋትም።

ያለፈው ቅዳሜ ልደታ ነበረች። እንደ ልማዳችን ከቤት ውጭ፣ ምንጩ አጠገብ ተከበረች፤ ንፍሮው ተዘረገፈ፣ ዳቦው ተቆረሰ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ አክስቴ ቀድተው ለሩቲ ሰጧት፤ እርጥብ እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ። እኔ እጄን ከድንጋዩ ሥር ከተትሁት። ከየካቲቱ ይልቅ ይሞቃል። የዛሬ ወር እንዲህ አልነበረም። እጄን ሳላወጣ ከበላያችን ባለው መንገድ የኩባንያው ከባድ መኪና እያቃሰተ ወጣ፤ ሾፌሩ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ቀስ አለና እጁን አወዛወዘልን። ሴቶቹም ልጆቹም ብርጭቆ ብርጭቆአቸውን ከፍ አድርገው አወዛወዙለት።

9. ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱን በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. በጉድጓዱ የሚደረገው ሥራ ዛሬውኑ ቆሞ፣ የቀለም ፈተናው እንደገና እንዲደረግ፤ በዚህ ጊዜ እኔን ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ዘንድ አስቀምጡኝ። ቫን ይዤ እመጣለሁ፣ ቁልፉን ተቀበሉኝ፣ ኪሴን ፈትሹ። ያም ሆኖ ውሃው አረንጓዴ ከወጣ ማንን እንደምትከሱ አያለሁ።

ለ. ምንጩ በመጪዋ ቅዳሜ እንዲታጠር። አጥሩን የሚያቆሙት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ይሁኑ፤ በአማርኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ይለጠፍ። የእኛ ሰው ለማኅተም ይነሣል። እኔ በእጄ የጻፍሁት ምን እንደሆነ አይተዋል።

ሐ. ማስታወቂያውን ቆማ የምታነብላቸው መቅደስ ትሁን። ሌላ አስተርጓሚ እንድትቀይሩልኝ ልጠይቅ ነበር፤ አቶ ጥሩነህ ናቸው ሐሳቤን ያስለወጡኝ። እሷ በሕይወቷ ቀልዳ አታውቅም። እሷ ከተናገረችው ይጠጡ የነበሩት ብርጭቆአቸውን ያስቀምጣሉ። አክስቴም ለስለቱ ንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ሌላ መንገድ ያገኙለታል፤ ስለት የሚለወጥበት ወግ አለን፤ የጠፋው የሚታመን ሰው ነው።

መ. ይህ ሁሉ ባይቻል እንኳ እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ከኦክላንድ የሚነሡ ከሆነ በቫኔ ቦታ አለ።

10. በመጨረሻ፣ ከደብዳቤያችሁ ጋር የላካችሁልኝን ወረቀት ሳልፈርም መልሻለሁ። ቀለሙን የጨመርሁት እኔ መሆኔን አምኜ ከፈረምሁ ምንም ቅጣት እንደማይደርስብኝ ይገልጻል። ስለ ርኅራኄያችሁ አመሰግናለሁ። ወረቀቱን ይዤ አንድ ሌሊት ሙሉ ተቀምጫለሁ፤ ያስቀመጠኝ ግን ፍርሃት አይደለም።

ብፈርም ደስ ይለኝ ነበር። ያደረግሁትን ስክድ ነው የኖርሁት፤ ያላደረግሁትን የእኔ በሆነ ብዬ ስመኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቀለሙ የእኔ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ጉድጓድ ወደዚህ ምንጭ የሚወስድ መንገድ የለም ማለት ነበር። ሩቲ የጠጣችው የሠርግ ቀለም ይሆን ነበር፤ ኪዳኔም ሲወለድ ምናልባት ጥርሱ አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስሰደብበት እኖር ነበር። ለዚያ ስድብ ምን ያልሰጥ።

ቀለሙ ግን የእኔ አይደለም።

ካልመጣችሁ፣ ከዕርገት በኋላ ባለችው ቅዳሜ ማለዳ አክስቴ በሩን ያንኳኳሉ። ሩቲ ምንም ሳትቀምስ ከጎኔ ትቀመጣለች። እኔ እነዳለሁ፤ ባልነዳ ሌላ ሰው ይነዳል። ስንደርስ ሁሉም ዞሮ ያየኛል፣ “ዛሬስ ምን ቀለም አመጣህልን?” ይለኛል። ውሃው ጥርት ብሎ፣ ሞቅ ብሎ ይወርዳል።

ቅዳሜ በምንጩ አጠገብ እንደምጠብቅዎ እየገለጽሁ፣ ከሰላምታ ጋር

ናዖድ ተድላ
ፊርማ
ኦክላንድ

አባሪ፦ ያልፈረምሁበት ወረቀት
ግልባጭ፦ ለወይዘሮ መቅደስ፣ ካምቤል፤ እባክሽ ሳትስቂ አንብቢው